እንዳንተ የሚነዳ አማች ይስጥህ

«ጋሼ ይመር እኮ ቀደሙን» አለኝ ተራ አስከባሪው።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሳቅሁ። ጋሼ ይመር ማንንም ቀድመው አያውቁም። ዕድሜያቸውን በሙሉ ከደሴ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ሰው ሲያመላልሱ፣ ሀረጎ ቁልቁለት ላይ ድንጋይ የጫነ መኪና ከፊታቸው ሲንፏቀቅ እንኳ «እሱም መንገደኛ ነው፣ የት ይሂድ?» ብለው ከኋላው የሚያዘግሙ ሰው ነበሩ። ስለዚህ የጠዋት ቀልድ መስሎኝ «ማንን ቀደሙ? ኤሊ ነው?» አልኩት።

ተራ አስከባሪው አልሳቀም። ያን ጊዜ ቀና ብዬ መናኸሪያውን አየሁት። አንድም ጡሩምባ አይሰማም። የደሴ መናኸሪያ በጠዋት ጡሩምባ ካልተሰማበት ወይ መንገድ ተዘግቷል፣ ወይ ሰው ሞቷል።

«ሱብሒ ላይ ነው አኼራ የሄዱት» አለኝ። «ከዙሁር ሶላት በኋላ ደጋን ይቀበራሉ።»

ሥራ መግባቱን ትቼ እዚያው ከአንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ኪሴ ውስጥ ሎሚ ነበረኝ፤ አውጥቼ አሸተትኩት። ሎሚው የመኪና ነው። እኔ ደሴ ተወልጄ ደሴ የምኖር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ አንድ ፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ የምሠራ ሰው ነኝ፤ ሀረጎ ጠመዝማዛው ላይ ሆዴ ስለሚገለበጥ ያለ ሎሚ አልሳፈርም። በዚህ ምክንያት ጋሼ ይመር ስሜን ለማወቅ ተቸግረው አያውቁም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ሎሚው» ነኝ። «ሎሚው መጣ፣ መስኮት ዳር ቦታ ስጡት፤ ኋላ ሁላችንም እንዳንታጠብ!» ይሉ ነበር።

ጋሼ ይመር ረጅም ቀጭን ሰው ነበሩ፤ መሪ ይዘው ሲቀመጡ ነጭ ቆባቸው ጣሪያውን ይነካል። ከደሴ የሚነሱት በብርድና በጉም ስለሆነ ወፍራም ኮት ይለብሳሉ። ኮምቦልቻ ደግሞ ሙቀት ነው። ስለዚህ ሀረጎ ወገብ ላይ ሲደርሱ ኮታቸውን ያወልቃሉ፤ ሲመለሱ እዚያው ቦታ ላይ ይለብሳሉ። ለማውለቅም ለመልበስም መኪናውን ያቆማሉ። የት? መሀል መንገድ ላይ! ከኋላ ያለው መኪና ሁሉ ጡሩምባውን ሲያንባርቀው እሳቸው ቀስ ብለው አንዱን እጅጌ፣ ከዚያ ሌላውን እጅጌ አውልቀው ኮቱን ያጣጥፉና «ምን አስቸኮለው ሰውን ያረቢ?» ይላሉ። የሌላውን ሾፌር ብልግና ሲተነትኑ ለሚውሉ ሰው፣ ይህችን የራሳቸውን አንድም ቀን አላዩዋትም።

ረዳታቸው ታላቅ ወንድማቸው ነበሩ። አዎ፣ ታላቅ። አያ ሙሄ ይባላሉ። ሌላው ሾፌር ረዳቱን «ዝጋው! ክፈተው! ጥራ!» እያለ ሲያንጓጥጥ፣ የኛ ሾፌር ዘወር ብለው «አያ ሙሄ፣ አውፍ ይበሉኝና በሩን ቢዘጉልኝ» ይላሉ። አያ ሙሄ ደስ ካላቸው ይዘጋሉ። አብዛኛውን መንገድ በሩን ተደግፈው ያንቀላፋሉ፤ የሚነቁት ለሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛው ሰው ሲወርድ ሲሳፈር የመኪናውን ጎን ደብደብ አድርገው «ሳበው!» ለማለት ነው። ሁለተኛው «አሚን» ለማለት ነው።

ይህን አሚን ነገር ላስረዳ። ጋሼ ይመር አይሳደቡም። «የወሎ ሰው አይሳደብም፤ ይመርቃል» ነበር ደንባቸው። አንዱ ባለጌ ሾፌር ሲገባባቸው መስኮት ዝቅ አድርገው፣ መዳፋቸውን ገልጠው ይመርቁታል። ምርቃቱ ግን ምን ዓይነት ነው? «አላህ ዕድሜህን ያርዝምልህ፤ አንተስ እያሳጠርከው ነው!» «አላህ ያሰብክበት ያድርስህ፤ ብቻ እኛን ሳትጨርስ!» እንዲህ ያለ ነው። ዱዓ ሲደረግ ደግሞ አሚን የማይል የለም፤ ስለዚህ አያ ሙሄ ከእንቅልፋቸው ባንነው «አሚን!» ይላሉ፣ መኪና ሙሉ ሰው ይከተላቸዋል። እኔ ክርስቲያን ነኝና «አሜን» እላለሁ። አንዴ ጋሼ ይመር በመስተዋት አዩኝና «አብሽር ሎሚው፣ አሚኑም አሜኑም በአንድ በር ነው የሚገባው» አሉኝ። የተመረቀው ሾፌር ራሱ አንዳንዴ ሳያስበው አሚን ይላል። ከዚያ መንገድ ላይ ሲያስበው፣ ተመርቆ ይሁን ተሰድቦ ግራ ገብቶት ያድራል።

ከሁሉ የምወደው ግን ጂኦግራፊያቸውን ነበር። «ሰው አገሩን በአፉ ሊደብቅ ይችላል» ይሉ ነበር፤ «መሪ ከያዘ ግን ራሱ ይነግርሃል። ታርጋ ማየት አያሻህም፣ ብልግናውን እይ።» በሳቸው ትምህርት የደሴ ሾፌር ብልግናው ሰላምታ ነው። ሁለት የደሴ መኪኖች መንገድ ላይ ከተገናኙ መስኮት ለመስኮት ይቆሙና እናት እንዴት ነች፣ ልጆቹስ፣ ያቺ የታመመችው ላም ተሻላት ወይ ይባባላሉ። ከኋላ ያለው ሲያንባርቅ ይቀየማሉ። «ሰላምታ ላይ ይጮኻል እንዴ?» ይላሉ፣ ጋሼ ይመርም በዚህ ላይ የደሴ ወገን ናቸው፤ ደሴ ኖረው ደሴ ሆነዋልና።

የኮምቦልቻው ሌላ ነው። «ሜዳ ያሳደገው ሰው ፍሬን በዕድሜው ዘግይቶ ነው የሚያውቀው» ይላሉ። የኮምቦልቻ ሾፌር በኩርባም ይሁን በድልድይ ይቀድምሃል። ይቅደም፣ ግድ የለም። ልክ እንደቀደመህ ግን ከፊትህ ቀጥ ብሎ ቆሞ ተሳፋሪ ይጭናል። «ታዲያ ምን አስሮጠው? ለመቆም ነው የሮጠው?» እያሉ እጃቸውን ያጨበጭባሉ። ይህ ነገር ከልባቸው ያበሳጫቸው ነበር።

የትውልድ ቦታቸው ደጋን ነው፤ ከኮምቦልቻ ወዲያ በጅቡቲው መንገድ ያለችው። ወገናቸውን ግን አይምሩም። «የደጋን ሰው መኪና አያቆምም፣ ያስራል» ይላሉ። «በሬውን ደጁ ላይ እንዳሰረ አስፋልቱ መሀል ላይ ያስርና ምሳውን ሊበላ ይገባል። ብትጠራው ‹ምነው፣ ተራገጠ እንዴ?› ይልሃል።» የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪናዎችን ደግሞ ከነአካቴው አይተነትኑም። ጡሩምባቸው ከኋላ ሲያጓራ መሪያቸውን ወደ ዳር እየጠመዘዙ «ላ ኢላሃ ኢለላህ! እኔ የቂያማው ቀን ጡሩምባ መስሎኝ!» ይላሉ፣ በቃ። ባጃጅንስ ስንላቸው «ባጃጅ አገር የለውም፤ እሱ ጎርፍ ነው» ብለውን ዘጉት።

አዲስ አበቤው ግን ያስቃቸው ነበር። «እሱ አይሳደብም፣ ይጠይቃል። መልሱን ግን አይጠብቅም።» አንድ ቀን ሀረጎ ላይ ኮታቸውን ሲያወልቁ አንድ የአዲስ አበባ የቤት መኪና ከኋላችን ደርሶ ቆመ። ሾፌሩ ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ፣ መዳፉን ወደ ሰማይ ገልብጦ «አንተ! ምን ሆነህ ነው?!» ብሎ ጮኸ። ጋሼ ይመር ኮታቸውን አጣጠፉ። በሩን ከፈቱ፣ ወረዱ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቀስ እያሉ ወደሱ ሄዱ። እኛ ሁላችን በኋላ መስተዋት ተደራርበን እናያለን። ሰውየው ሊደባደቡት መስሎት መስታወቱን እስከ አገጩ ዘጋ።

«አሰላሙ ዐለይኩም» አሉት ጎንበስ ብለው። «ምን ሆንክ ላልከኝ፣ ወላሂ ወገቤን ትንሽ ያመኛል። ልጄም ሥራ ይዛለች፣ አልሐምዱሊላህ። ሌላው ደህና ነው። አንተስ፣ የኔ ዓለም፣ አንተ ምን ሆነህ ነው?»

ሰውየው መስታወቱን መልሶ ዝቅ አደረገ። ከዚያ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ? «እኔም ጨጓራዬን ነው» አለ። እዚያው ቆመው ስለ ጨጓራ ተመካከሩ፤ ተልባ ይጠጣ ብለውት ተለያዩ። ሥራ ረፈደብኝ፣ አለቃዬም ተቆጣኝ፤ እኔም የአዲስ አበባን ሰው ጨጓራ በምክንያትነት አቀረብኩ።

የምርቃታቸው ነገር ግን አንድ ጊዜ ችግር አመጣ። አንድ አሮጌ መኪና የሚነዳ ሾፌር ገብቶባቸው «አላህ ከዚህ የተሻለ መኪና ይስጥህ፣ ፍሬን ያለው!» አሉት። ሰውየው ብዙም ሳይቆይ እውነትም አዲስ መኪና ያዘ። በግ እየጎተተ መናኸሪያ ድረስ መጥቶ «ዱዓዎት ደረሰልኝ» ብሎ እግራቸው ላይ ወደቀ። ጋሼ ይመር «ኸረ እኔስ ልሰድብህ ነበር» ማለት አልቻሉም። በጉን ተቀበሉ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ «የሙሳፊር ዱዓ አይመለስም» ማለት ጀመሩ። መንገደኛ መንገድ ላይ ሆኖ የለመነውን አላህ ይሰጣል፣ እኔ ደግሞ ከመንገድ ወርጄ አላውቅም፣ ነበር ስሌቱ። ወሬው ሲዛመት አንዳንድ ሾፌሮች ሆን ብለው ይገቡባቸው ጀመር፣ እንዲመረቁ! አንዱማ ገብቶባቸው ሲያበቃ መስኮቱን ከፍቶ መዳፉን ዘርግቶ ሲጠብቅ አይቻለሁ።

በዚህ ጊዜ ነው ማንም የማይፈልገውን ምርቃት ፈልገው ያመጡት።

«አላህ እንዳንተ የሚነዳ አማች ይስጥህ!»

ይህን ሲሰማ ማንም ወንድ ይደነግጣል። ሴት ልጅ ያለው መሪውን ይለቃል። የሌለውም ቢሆን ወደፊት ይኖረኛል ብሎ ያስባል። ሾፌሩ ሁሉ ተረጋጋ፤ መንገዱ ለጊዜው የሰው ልጅ መንገድ መሰለ። እስከ እንድሪስ ድረስ።

እንድሪስ የኮምቦልቻ ልጅ ነው። ሚኒባሱ ኋላ ላይ «ብቀድምህ አትቀየመኝ» ብሎ የጻፈ፣ እንደጻፈውም የሚያደርግ። አንድ ጠዋት ሀረጎ ኩርባ ላይ ጋሼ ይመርን ሽው ብሎ ቀደማቸው። ሎሚዬ ከእጄ ወደቀ። ከዚያ፣ መቼም እንደ አገሩ ልማድ፣ ከፊታችን ቀጥ ብሎ ቆሞ ሰው መጫን ጀመረ። ጋሼ ይመር መኪናቸውን ጎኑ አደረሱና መስኮቱን ዝቅ አደረጉ።

«አላህ እንዳንተ የሚነዳ አማች ይስጥህ!»

«አሚን!» አልን ሁላችን።

እንድሪስ አልደነገጠም። ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ሰበረ። «አሚን ጋሼ! ለርስዎም እንደዚሁ ይስጥዎ!»

አያ ሙሄ ከእንቅልፋቸው ባንነው «አሚን!» አሉ።

መኪናው በሳቅ ተናጠ። በእንድሪስ ጋቢና የተቀመጠች አንዲት ሴት ሻሿን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ወደ ገደሉ ዞረች፤ ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። ጋሼ ይመር ግን አልሳቁም።

«አያ ሙሄ፣ ምን ነካዎት?»

«ዱዓ ነዋ። ዱዓ ሲደረግ ምን ልበል? አልሰማሁም ልበል?»

ጥቂት ወራት አለፉ። አንድ ሰኞ ጋሼ ይመር ዝም አሉ። ባጃጅ ገባባቸው፣ ዝም። የጅቡቲ መኪና አጓራባቸው፣ ዝም። ማክሰኞም ዝም። ኮታቸውን ለማውለቅ እንኳ ሳይቆሙ፣ ላብ በላብ ሆነው ኮምቦልቻ ሲገቡ ነገር እንዳለ ገባኝ። አያ ሙሄን ከመኪናው ጀርባ ወስጄ ጠየቅኳቸው።

«ሽማግሌ መጣብን» አሉኝ።

ጋሼ ይመር አንድ ልጅ ነበረቻቸው፣ ሉባባ። እናቷ በልጅነቷ ሞታባት ጋሼ ይመር ናቸው ያሳደጓት። ኮምቦልቻ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ታዲያ ሥራዋ የሚገባበት ሰዓት አለው፣ የአባቷ መኪና ደግሞ የሚደርስበት ሰዓት የለውም። ሰላምታ አለ፣ ኮት አለ፣ ጨጓራ አለ። ስለዚህ ልጅቱ አባቷን እንዳታስቀይም ተደብቃ በሌላ ሚኒባስ ትሄድ ነበር። ፈጣኑን መረጠች። ፈጣኑ የማን እንደሆነ መቼም ገብቷችኋል። ሻሿን ፊቷ ላይ የሳበችው ሴት እሷ ነበረች።

«ጋሼ ይመር ምን አሉ?»

«‹ልጄን ሀረጎ ላይ መበለት አላደርጋትም› አለ። ሽማግሌዎቹን አብልቶ መለሳቸው። ልጅቷ ታለቅሳለች፣ እሱም በጓዳ ያለቅሳል። እኔ መሀል ላይ ቁጭ ብያለሁ።» አያ ሙሄ አንገታቸውን ነቀነቁ። «ሀቂቃውን ልንገርህ? እሱን የሚያስፈራው እንድሪስ አይደለም። ዱዓው ነው። ራሱ አውጆታል፣ የሙሳፊር ዱዓ አይመለስም ብሎ። እኔም አሚን ብያለሁ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ አሳዘኑኝ። ሰውየው ለልጃቸው ነበር የፈሩት፤ አንድ ልጅ፣ አንድ ገደል፣ አንድ የኮምቦልቻ ሾፌር። ሽማግሌ ተመልሶ መጣ። በዚህኛው ጊዜ አያ ሙሄ እንደ ታላቅ ወንድም ከመሀል ተቀምጠው «እኔ አሚን ያልኩትን አላጥፍም» አሉ። ጋሼ ይመር አንድ ነገር ጠየቁ። ልጁ በሳቸው መኪና፣ እሳቸውን ጋቢና አስቀምጦ ከደሴ ኮምቦልቻ ይንዳ። ከዚያ ቁርጡን ይናገራሉ።

ወሬው መናኸሪያውን ሞላው። ቅዳሜ ጠዋት ለዚያ መኪና ወንበር የተደረገው ግፊያ ለሐጅም የሚደረግ አይመስለኝም። እኔ በሎሚዬ ምክንያት ከጋቢናው ኋላ መስኮት ዳር አገኘሁ። ጋሼ ይመር ጋቢና ገቡ፤ መሪ ሳይኖር እጃቸውን የሚያኖሩበት ጠፍቷቸው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። እንድሪስ ጺሙን ተላጭቷል። ፊቱ ግን የፈተና ቀን የተማሪ ፊት ነው። አያ ሙሄ የመኪናውን ጎን መቱ፣ «ሳበው!»

ልጁ ነዳ ልበል ወይስ ገፋ ልበል? ሰኞ ገበያ የሚባለው ሰፈር ውስጥ ዶሮ ያንጠለጠለች ሴት ልትሻገር ስትል ቆመ። ከኋላዋ ሌላዋ መጣች፣ ለሷም ቆመ። ሰኞ ገበያ ላይ ሰው ሁሉ እስኪሻገር ከጠበቅህ ቂያማ እዚያው ያገኝሃል። ማገዶ የጫኑ አህዮች መጡ፤ አሳለፋቸው። ጋሼ ይመር ጺማቸውን እያሻሹ ፈገግ አሉ። «ማሻአላህ» አሉ።

ሀረጎ ገባን። መኪና ሁሉ ይቀድመናል። ጋሼ ይመር አሁንም ደህና ናቸው። ወገቡ ላይ ስንደርስ እንድሪስ ዳር ይዞ፣ ሙሉ ለሙሉ ከአስፋልት ወርዶ ቆመ።

«ምነው?» አሉት።

«ኮትዎን ጋሼ።»

ጋሼ ይመር አዩት። «ማን ነገረህ?»

«ከኋላዎ ስንት ዓመት ቆሜ ጠብቄያለሁ፣ እንዴት አላውቅም!»

መኪናው ውስጥ ሳቅ ፈንድቶ ጠፋ። ጋሼ ይመር ግን ኮታቸውን አንዱን እጅጌ፣ ከዚያ ሌላውን አውልቀው አጣጥፈው ያዙ። ከዚያ በመስኮት አጎንብሰው መሬቱን አዩ፤ የቆሙበትን ዳር። መሀል መንገድ ላይ አለመሆናቸው ያኔ የታያቸው ይመስለኛል።

ቁልቁለቱ አልቆ ኮምቦልቻ ሜዳው ሲጀምር ነው ነገር የተበላሸው። መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ጠዋቱ ብሩህ፣ ፊት ለፊታችን ማንም የለም። እንድሪስ ግን ያው ነው፣ እንቁላል እንደተሸከመ ሰው። ሚኒባስ ቀደመን። ባጃጅ ቀደመን። ሌላ ባጃጅ ቀደመን፣ ሾፌሩ ዞሮ አዘነልን። የጋሼ ይመር እጅ ከጉልበታቸው ተነሳና ወደ መሪው ሄዶ ተመለሰ። ጫማቸው ምንም በሌለበት ወለል ላይ የነዳጅ መርገጫ ይፈልጋል። ላብ ግንባራቸው ላይ ወጣ። ከዚያ ከጎናችን የፈረስ ኮቴ ተሰማ።

ጋሪ ነው። አሸዋ የጫነ ጋሪ። ባለጋሪው ጨዋ ሰው ነው፣ ሲያልፈን «አሰላሙ ዐለይኩም» አለ። ፈረሱም አየን።

ጋሼ ይመር ከመቀመጫቸው ተወርውረው ጡሩምባው ላይ በሁለት መዳፋቸው ወደቁ። «አንተ ደደብ! ርገጠው እንጂ! ፈረስ ይቅደመኝ?!»

እንድሪስ ዳር ይዞ ቆመ። በዚያ ሁሉ ዘመን ከጋሼ ይመር አፍ ስድብ የሰማ ሰው አልነበረም።

«ይመር» አሉ አያ ሙሄ ከበሩ። «ተሳደብክ።»

«አስተግፊሩላህ» አሉ ጋሼ ይመር፤ ፊታቸው ቀልቶ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞሩ። «እንዲህ ረግተህ መንዳት ታውቅ ኖሯል?»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«ታዲያ ምነው እስከ ዛሬ?»

«እስከ ዛሬ ቤት ሆኖ የሚጠብቀኝ ሰው አልነበረም። ብደርስ ባልደርስ ለራሴ ነው ብዬ።»

«ይሄ የጫንከው ሰውስ? እሱን ማንም አይጠብቀውም?»

እንድሪስ በመስተዋቱ አየን። እኔን ከነሎሚዬ አየኝ። «ይጠብቀዋል» አለ ቀስ ብሎ። «አሁን ገባኝ ጋሼ።»

ጋሼ ይመር ኮታቸውን ጉልበታቸው ላይ ደጋግመው አጠፉት። «እንግዲህ…» አሉ። «ጋሪ እንዳይቀድምህ ብቻ።»

«ሰጠኸው ማለት ነው?» አሉ አያ ሙሄ።

«አሚን ያሉት እርስዎ ነዎት አያ ሙሄ። ይጨርሱት።»

አያ ሙሄ የመኪናውን ጎን ሁለት ጊዜ መቱ። «ሳበው!» ሁላችንም እልል አልን። ሥራ ረፍዶብን ነበር፣ ማንም አላስታወሰው።

ከዚያ ወዲያ ጋሼ ይመር ያን ምርቃት በአፋቸው አላነሱትም። ስንለምናቸው «እኔ ደርሶኛል፣ ይበቃኛል» ይሉ ነበር እየሳቁ። ኮታቸውንም ዳር ይዘው ማውለቅ ጀመሩ። ወገባቸው ሲብስባቸው መኪናውን ለእንድሪስ አስረከቡ፤ እሳቸው ጋቢና ተቀምጠው ጂኦግራፊ ማስተማሩን ቀጠሉ። አማች ለአማት ሲታዘዝ እንደዚያ አይቼ አላውቅም። ከቤት ሲወጡ ኮታቸውን የሚያለብሳቸው እሱ ነበር።

የሞቱ ዕለት ከዙሁር በኋላ ጀናዛው በዚያችው መኪና ወጣ። ወንበሮቹ ተነስተው ቃሬዛው መሀል ላይ ነው፤ እኛ ዙሪያውን ቁጢጥ ብለን ያዝነው። እንድሪስ ይነዳል። አያ ሙሄ በሩ ላይ ናቸው፣ ግን አላንቀላፉም። ሀረጎ ወገብ ላይ ስንደርስ እንድሪስ ዳር ይዞ፣ ከአስፋልት ወርዶ ቆመ። ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀውም። ከመቀመጫው ጀርባ የተሰቀለውን ኮት አወረደ፣ አጣጠፈ፣ ጋቢናው ላይ አስቀመጠው። ከኋላችን የተከተለው መኪና ሁሉ ዝም ብሎ ጠበቀ፤ አንድም ሰው ጡሩምባ አልነካም። ያኔ አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ።

ደጋን ስንገባ መንገዱ ተዘግቷል። አንድ የጭነት መኪና አስፋልቱ መሀል ላይ፣ አግድም፣ ሾፌር የለውም። ታስሯል። አያ ሙሄ መኪናውን አዩ፣ ቃሬዛውን አዩ፣ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ያዝኳቸው። እየሳቁ ነበር። «ይመር፣ አገርህ ገባህ» አሉት ወንድማቸውን። መኪና ሙሉ ለቀስተኛ በእንባው መሀል ፈነዳ።

ሾፌሩ ከምግብ ቤት እጁን ሳይታጠብ እየሮጠ መጣ። ጀናዛውን ሲያይ ክው አለ፣ ወጥ በነካ እጁ ራሱን ያዘ። «አውፍ በሉኝ! ወላሂ አውፍ በሉኝ! የማን ሰው ናቸው?»

እንድሪስ መስኮቱን ዝቅ አደረገ። ምን እንደሚመጣ ሁላችንም የምናውቅ መስሎን ነበር። መዳፉን ገለጠ።

«አማቴ ናቸው» አለው። «አላህ እንደሳቸው ያለ አማት ይስጥህ!»

ሾፌሩ «አሚን» አለ። እኛም አሚን አልን፣ እኔም አሜኔን ጨመርኩበት። የጭነት መኪናው ተነስቶ ዳር ያዘ።

አያ ሙሄ የመኪናውን ጎን ሁለት ጊዜ መቱ።

«ሳበው!»